ያየኸውን ጻፍ፣ ያየህበትን ንገር

አባቴ ሰባት ቤት ሲቆጥር ጣቱን ያጥፍ ነበር። ከራሱ ይጀምርና ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ስም አንድ ጣት አለው። አንድ ክረምት አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም በደብተር ጻፍኩ። አባቴ ካረፈ ከዓመታት በኋላ ታላቅ እህቱ ያንኑ ሐረግ ስትቆጥርልኝ አምስተኛው ቤት ላይ ሌላ ስም ጠራች። ደብተሩን አወጣሁ። አባቴ የነገረኝ ስም በእጅ ጽሑፌ እንደተጻፈ አለ። ግን አባቴ ከማን ሰማው? ስሙ የክርስትና ስም ነው ወይስ የቤት ስም? የጻፍኩት በየትኛው ዓመት ነው? እርግጠኛ ሆኖ ነው የነገረኝ ወይስ እያመነታ? አንዱንም አልጻፍኩም። ምናልባት ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው፤ ምናልባት አንዱ የወንድሙ ነው። ደብተሩ መፍረድ አልቻለም፤ አክስቴም ዛሬ በሕይወት የለችም።

የጎደለው ነገር ይህን ያህል ትንሽ ነው፤ በአንድ መስመር ይጻፍ የነበረ። በዚህ ምዕራፍ የማወራው ያቺን መስመር ሥራዬ ብለው ስለያዟት ሰዎች ነው። ሳይከፈላቸው፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ተቀምጠው፣ የማያውቁትን ሰው ቅድመ አያት መዝገብ እየገለበጡ በድረ ገጽ ላይ የሚያኖሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። የእነሱን ሥራ ታማኝ የሚያደርገው ደንብ ምን መሆን አለበት የሚለው ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሞ መናገር ራሱ ከደንቦቹ አንዱ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።)

ነገሩ በደንብ የሚታየው አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያ የተራ ሰው ታሪክ የሚቀመጠው በካውንቲ ነው። ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር ሲሆን፣ የጋብቻ ፈቃድ፣ የመሬት ሽያጭ ውል፣ ኑዛዜ፣ የውርስ ክርክር፣ የሙት ልጅ ሞግዚትነት በአብዛኛው የሚመዘገበው በካውንቲው ፍርድ ቤት ነው። የሕዝብ ቆጠራው የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው፤ እሱም ቢሆን ሙሉ አይደለም። የ1890 ቆጠራ መዝገብ በጥር 1921 ዋሽንግተን ውስጥ በንግድ ሚኒስቴር ሕንፃ በተነሳ እሳት ተጎድቶ ከጥቂት ቅሪት በቀር ጠፍቷል። ስለዚህ ከ1880 እስከ 1900 ባለው ሃያ ዓመት ውስጥ ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ሞቶ ያለፈ ሰው ዱካው የሚገኘው በካውንቲው ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ "ስሙ ማን ነበር?" ነው፤ ሁለተኛው ግን "በየትኛው ካውንቲ ኖረ?" ነው።

ኬንታኪ 120 ካውንቲዎች አሏት። በ1996 ጸደይ ጥቂት የዘር ሐረግ ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ አመጡ፦ ለእያንዳንዱ ካውንቲ አንድ ገጽ ይኑር፣ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ኃላፊነት የወሰደ በጎ ፈቃደኛ ይኑር፣ ሁሉም በአንድ በር ይግቡ። ሐሳቡ በዚያው ዓመት በጋ ከኬንታኪ ወጥቶ ሌሎቹን ግዛቶች አዳረሰ። ዩኤስጄንዌብ የተባለው ፕሮጀክት እንዲህ ተወለደ። አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ ካውንቲዎች አሉ። ገጹን የሚይዘው ሰው የግድ እዚያ አይኖርም፤ አያቶቹ የተቀበሩበትን ካውንቲ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ሆኖ የሚያስተዳድር ሞልቷል።

እንግዲህ አስቡት። በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አለቃ የለም፣ ደመወዝ የለም። አንዱ ፍርድ ቤት ሄዶ የኑዛዜ መጽሐፉን በዓይኑ አይቶ ይገለብጣል። ሌላው ከሌላ ሰው ገጽ ወስዶ ይለጥፋል። ሦስተኛው ከአያቱ የሰማውን ይጽፋል። አንባቢው ዘንድ ሲደርሱ ሦስቱም አንድ ዓይነት ፊደል፣ አንድ ዓይነት ሰንጠረዥ፣ አንድ ዓይነት እርግጠኝነት ለብሰው ነው። የድረ ገጽ አደጋው ይህ ነው። አባቴ ሲቆጥር ድምፁ አንዳንድ ስም ላይ ይዘገይ ነበር፤ ያ መዘግየት መረጃ ነበር። የተተየበ ስም አይዘገይም።

ፕሮጀክቱ በ1998 የመተዳደሪያ ደንብ አጸደቀ፤ አባላቱ የሚመርጡት አማካሪ ቦርድም አለው። ካውንቲ የያዘ ሰው እንዲያሟላ የተጠየቀው ብዙ አልነበረም። ገጹን ማየት ነጻ ይሁን፣ የፕሮጀክቱ ዓርማ ይታይ፣ ወደ ግዛቱና ወደ ዋናው ገጽ የሚወስድ ሊንክ ይኑር፣ የገጹ ያዥ የሚገኝበት አድራሻ ይታወቅ፣ ጠያቂዎች ጥያቄያቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ይኑር። ይህን ስመለከት እድር ይታወሰኛል። እድር የሚዘልቀው ደንቡ አጭር ስለሆነና ሁሉም ስለሚያውቀው ነው፤ መዋጮው በየስንት ቀኑ እንደሆነ፣ ድንኳኑን ማን እንደሚያወጣ፣ ለቅሶ የቀረ ምን እንደሚከፍል። ልዩነቱ እድር መቀጮ አለው። የካውንቲ ገጽ የያዘን ሰው ግን ከሊንኩ ዝርዝር ከማውጣት በቀር በምንም መቅጣት አይቻልም። ስለዚህ ደንቡ ሰውየው በፈቃዱ የሚቀበለው፣ ማንም ደግሞ ከውጭ ገጹን ከፍቶ መከበር አለመከበሩን የሚያረጋግጠው መሆን አለበት። "ጥራት ያለው ሥራ ሥራ" ደንብ አይደለም። "ከእያንዳንዱ ግልባጭ በታች ምንጩን ጻፍ" ደንብ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መስፈርቶች አንድ ነገር እንደጎደላቸው አምናለሁ። ስለ ገጹ ብዙ ይናገራሉ፤ በገጹ ላይ ስላለው ቃል ግን ጥቂት። ዓርማ መኖሩን ማንም በአንድ ጠቅታ ያየዋል። የ1832 ኑዛዜ በትክክል መገልበጡን ለማወቅ ግን ኑዛዜውን ማየት ይጠይቃል።

እንግሊዞች ከሌላ በኩል ጀመሩ። ጄኑኪ የተባለው የታላቋ ብሪታንያና የአየርላንድ ገጽ በ1995 ሲመሠረት የወሰነው ውሳኔ ምን እንደማያስገባ ነበር፦ የማንንም የዘር ሐረግ አናስተናግድም፣ የግለሰብን ምርምር አናወጣም፤ ስለ ቦታውና ስለ መዛግብቱ ብቻ እንናገራለን፤ እንደ ቤተ መጻሕፍት። ደረቅ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አንድ ውሳኔ ብዙ ጠብ ቀርቷል፤ የእገሌ አያት ከእገሌ ይወለዳል አይወለድም የሚለው ክርክር በር ላይ ቀርቷልና።

በ1998 የተጀመረው ፍሪቢኤምዲ ደግሞ የሥራውን ልብ ነካ። በእንግሊዝና በዌልስ የልደት፣ የጋብቻና የሞት የመንግሥት ምዝገባ የተጀመረው በሐምሌ 1837 ነው። የመዝገቡ ማውጫ በሩብ ዓመት እየተከፈለ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ጥራዞች በእጅ የተጻፉ ናቸው። በጎ ፈቃደኞቹ የገጾቹን ምስል እያዩ ይተይባሉ። ለሁሉም የተሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፦ ያየኸውን ጻፍ። ልክ ነው ብለህ ያሰብከውን አይደለም፣ ያየኸውን።

ይህ ቀላል የሚመስለው ሥራ ላይ ላልተቀመጠ ሰው ነው። የደበዘዘ ቀለም ፊት ተቀምጠህ የቤተሰቡ ስም መካከሉ ላይ አንድ ፊደል አይነበብም እንበል። እጅህ የተለመደውን ስም ሊሞላው ይቸኩላል። የፍሪቢኤምዲ ደንብ እዚያ ላይ እጅህን ይይዘዋል። አንድ ፊደል ካልተነበበ በቦታው "_" ታደርጋለህ። ስንት ፊደል እንደጎደለ ካላወቅህ ኮከብ ታስቀምጣለህ። ከሁለት አንዱ ከሆነና መለየት ካቃተህ ሁለቱንም በማዕዘን ቅንፍ ታስገባቸዋለህ። አለማወቅ የራሱ ፊደል ተሰጠው ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ያንኑ ገጽ፣ የአንተን ሥራ ሳያይ፣ እንደገና ይተይበዋል። ሁለቱ ከተስማሙ መስመሩ ለአንባቢው በደማቅ ፊደል ይታያል። አንባቢው ማን እንደተየበው ባያውቅም የትኛው መስመር ሁለት ጊዜ እንደተነበበ በዓይኑ ይለያል። ከዚህ የሚበልጥ ታማኝነት ለአንባቢ ማሳየት ይቻል እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ለምን አይታረምም? መዝገብ ጸሐፊው "ተሳስቶ" የጻፈውን ስም ማቃናት ደግ ሥራ ይመስላል። በጥንት የአሜሪካ ሰነዶች ጆን የሚለው ስም በሦስት ፊደል ምሕፃረ ቃል ይጻፍ ነበር፤ የዛሬ አንባቢ ጆናታን ብሎ ይፈታዋል፣ ሌላ ሰው ይሆናል። ድርብ ኤስ ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ረጅም ሆኖ ኤፍ ይመስላል፤ ጄሲ የተባለው ሰው በግልባጩ ላይ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ስም ይወጣል። የፍርድ ቤት መዝገብ "ሕፃን" የሚለው ጡት የሚጠባውን ብቻ ሳይሆን 21 ዓመት ያልሞላውን ሁሉ ነው። በዚያ ዘመን "ትንሹ" እና "ትልቁ" የሚሉት ቅጥያዎች የግድ አባትና ልጅ አያመለክቱም፤ በአንድ መንደር የሚኖሩ፣ ምናልባትም ዘመድ ያልሆኑ፣ ሁለት ሞክሼዎችን ለመለየት ብቻ ይጻፉ ነበር። ገልባጩ "ትንሹ" የሚለውን አይቶ "ልጁ" ብሎ ካቃናው፣ ከዜሮ የዘር ሐረግ ፈጠረ ማለት ነው።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። "ኃይለ ሥላሴ" ብሎ የጻፈን የደብር ጸሐፊ "ሀይለ ስላሴ" ብሎ የሚገለብጥ ሰው ድምፁን አልለወጠም፤ ግን የጸሐፊውን ትምህርት፣ ምናልባትም የደብሩን ልማድ ከወረቀቱ ላይ ፍቆታል። "ወንድሜ" የሚለውን ቃል በደብዳቤ ያገኘ ሰው ደግሞ ከአንድ እናት መወለድን እንደማያረጋግጥ ማንም ያውቃል፤ የአጎት ልጅም፣ የልብ ወዳጅም ወንድም ነው። ትርጓሜ ካለህ ትርጓሜህን ጻፍ፤ በማዕዘን ቅንፍ፣ ለብቻው፣ የአንተ መሆኑ እየታወቀ። የሟቹን ቃል ግን አትንካ።

ቀን ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ጆርጅ ዋሽንግተን ሲወለድ የተጻፈው ቀን የካቲት 11፣ 1731 ነበር፤ ዛሬ የሚከበረው የካቲት 22፣ 1732 ነው። ማንም አልዋሸም። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ በጁልያን አቆጣጠር ይመሩ ነበር፤ አዲሱ ዓመታቸውም የሚገባው መጋቢት 25 ነበር። አቆጣጠሩ ሲለወጥ ከመስከረም ወር 11 ቀን ተዘለለ። "አስተካክላለሁ" ብሎ ቀኑን የለወጠ ገልባጭ መለወጡን ካልጻፈ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ደግሞ እንደገና ይለውጠዋል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ችግር በኪሱ ይዞት ይዞራል። 5/1/1962 ተብሎ የተጻፈ የልደት ቀን ለእኛ መስከረም 5 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር መስከረም 15፣ 1969። ለአሜሪካዊ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ሜይ 1፣ 1962 ነው። ለአውሮፓዊው ጃንዋሪ 5። አንድ ወረቀት፣ ሦስት ልደት፣ የሰባት ዓመት ልዩነት። ደንቡ እንግዲህ፦ ቀኑን ወረቀቱ ላይ እንዳለ ጻፍ፣ የዘመን አቆጣጠሩን በስሙ ጥራ፣ ከቀየርከው የቀየርከውን ለብቻው አስቀምጥ።

የመቃብር ድንጋይ ላይ ያለው ሥራ በእጅ የሚነካ ስለሆነ ስሕተቱም በእጅ ነው። ብዙ የድሮ ድንጋዮች የልደት ቀን የላቸውም፤ የሞት ቀንና "54 ዓመት ከ3 ወር ከ12 ቀን ኖረ" የሚል ጽሑፍ ብቻ አላቸው። ገልባጩ ይቀንስና የልደት ቀን ያወጣል፤ ከዚያ የወጣው ቀን ድንጋዩ ላይ እንደተቀረጸ ሆኖ ይወጣል። የተሰላ ቀን "ተሰልቶ የወጣ" ተብሎ ሊጻፍበት ይገባል፤ ምክንያቱም ወሮች እኩል ስላልሆኑ ሁለት ሰው ሁለት መልስ ሊያወጣ ይችላል። የተበላ ድንጋይ ላይ 3 እና 8፣ 1 እና 7 ይመሳሰላሉ። ጽሑፉን ለማጉላት የጢም መላጫ አረፋ የሚቀቡ ሰዎች ነበሩ፣ አሁንም አሉ። አረፋው ውስጥ ያለው አሲድ የእብነ በረድና የኖራ ድንጋይን ይበላል፤ ለአንድ ፎቶ ተብሎ ድንጋዩ ለሚቀጥለው አንባቢ ይደበዝዛል። የሽቦ ብሩሽም እንዲሁ ነው። የሚበቃው ንጹሕ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽና መስተዋት ነው። መስተዋቱን ከጎን ይዞ ብርሃኑን በድንጋዩ ፊት ላይ አግድም ማሳለፍ፤ ያኔ የተቀረጸው ፊደል ጥላ ይጥልና ራሱን ያሳያል። አንድ ሰው መስተዋቱን ይዞ ሌላው ሲያነብ አይቻለሁ፤ ከደቂቃ በፊት ባዶ የነበረ ድንጋይ ላይ የሕፃን ስም ሲወጣ ሁለቱም ዝም አሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በስሕተት የሚገባው ሳይሆን በምርጫ የሚቀረው ነው።

ኬንታኪ የባርነት ግዛት ነበረች። የሊንከን የነጻነት አዋጅ እሷን አይመለከትም ነበር፤ ኬንታኪ ውስጥ በባርነት ለተያዙት የመጨረሻው ነጻነት የመጣው በታኅሣሥ 1865፣ በ13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች እነዚህ ሰዎች በተለየ ቅጽ ተቆጥረዋል። ቅጹ የጌታውን ስም ይይዛል፤ ከሥሩ የዕድሜ፣ የፆታና የቆዳ ቀለም ዓምዶች አሉ። ስማቸው፣ ከጥቂት ቦታ በቀር፣ የለም። አብዛኞቹ በስማቸው የተጻፉበት የመጀመሪያው ብሔራዊ ቆጠራ የ1870 ነው። ስለዚህ ጥቁር አሜሪካዊ ተመራማሪ ወደ ኋላ ሲሄድ 1870 ላይ ግድግዳ ይገጥመዋል። ግድግዳው ቀዳዳ የሚኖረው የት ነው? በካውንቲው ወረቀት። ጌታው ሲሞት ንብረቱ ይቆጠራል፤ በዚያ ቆጠራ ላይ ከማረሻውና ከበሬው መካከል የሰዎች ስም፣ ከጎኑም ዋጋ ተጽፏል። ኑዛዜው እናትየውን ለአንዷ ልጅ፣ የእናትየውን ልጆች ለሌላው ያከፋፍላል፤ በስማቸው።

ብዙ የቆዩ ማጠቃለያዎች፣ በመጽሐፍም በገጽም፣ ይህን ጥለውታል። የሟቹ ስም፣ የሚስቱ ስም፣ የልጆቹ ስም፣ የምስክሮቹ ስም ይወጣል፤ የተቀሩት "ሌላ ንብረት" ውስጥ ይገባሉ ወይም ጭራሽ አይነሱም። ገልባጩ ተንኮለኛ መሆን አያስፈልገውም። የሚፈልገው የራሱን ቤተሰብ ነበር፤ የሚፈልገውን ወሰደ። ግን የካውንቲ ገጽ የአንድ ቤተሰብ አይደለም። ገጹ የካውንቲው ነኝ ካለ፣ ካውንቲው ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ የገጹ ሰው ነው። ስለዚህ እኔ ደንብ አውጪ ብሆን ከዓርማው በፊት የማስቀምጠው ይህን ነው፦ በሰነዱ ላይ ስም ያለው ሰው ሁሉ በግልባጩ ላይ ስም ይኑረው፤ ማውጫውም ላይ ይግባ። ሙሉውን መገልበጥ ካልተቻለ ምን እንደተተወ ይጻፍ። ዛሬ ቺካጎ የተቀመጠች አንዲት ሴት የአያቷን አያት ስም የምታገኘው፣ ወይም የማታገኘው፣ ኬንታኪ ውስጥ አንድ የማታውቀው ሰው አንዲት መስመር ስለጻፈ ወይም ስለዘለለ ነው።

ምንጭ ያልተጻፈበት ነገር ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት ጉስታቭ አንዡን ማንሳት ይበቃል። ከስዊድን የመጣውና በ1942 የሞተው ይህ ሰው ለአሜሪካ ባለጸጎች በትእዛዝ የዘር ሐረግ ያዘጋጅ ነበር። ሥራዎቹ እውነተኛ መዝገብና ፈጠራን ቀላቅለው የያዙ ነበሩ፤ ከአሜሪካ የመጀመሪያ ሰፋሪ እስከ አውሮፓ መኳንንት የሚያደርስ ድልድይ ሲያስፈልግ ድልድዩን ይሠራዋል። ተመራማሪዎች አጋልጠውታል። የፈጠራቸው አያቶች ግን ዛሬም ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይዞራሉ፣ ምክንያቱም ገልባጩ ከየት እንዳመጣው ስላልጻፈ አንባቢው ከአንዡ መሆኑን አያውቅም። ተቃራኒውን መንገድ የጠረገው ዶናልድ ላይንስ ጃኮበስ ነው። በ1922 ኒው ሄቨን ውስጥ የራሱን መጽሔት ጀምሮ የአንድ ከተማን ቤተሰቦች ከመዝገብ እያመሳከረ አንድ በአንድ አጠና። በ1964 ደግሞ ለዘር ሐረግ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥ ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ የሚከተለው የማስረጃ መለኪያ ምርምሩ በቂ ይሁን፣ ምንጩ ሙሉ ይሁን፣ ማስረጃው ተመርምሮ ይገናዘብ፣ የሚጋጨው ይፈታ፣ መደምደሚያው በጽሑፍ ይቅረብ ይላል።

ለካውንቲ ገጽ ያዥ አምስቱንም መጫን ግን አይገባም። እሱ ፈራጅ አይደለም፤ ምስክር ነው። ከምስክር የሚጠበቀው ሁለተኛው ነው። "የኑዛዜ መጽሐፍ፣ ቅጽ ይህ፣ ገጽ ይህ፣ በካውንቲው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ቢሮ፤ ከማይክሮፊልም የተነበበ እንጂ ከዋናው አይደለም፤ ያነበበው እገሌ፤ የተነበበበት ቀን ይህ።" ከሌላ ሰው መጽሐፍ ከወሰደው ከመጽሐፉ መሆኑን ይናገር፤ መጽሐፉ ኑዛዜውን ጠቅሶ ከሆነም ኑዛዜውን ራሱ እንዳላየ ይናገር። ይህ ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

መዝገቡን ያየ ሁሉ "የእኔ ነው" ማለት ይወዳል፤ ይህንንም አጥርቶ መናገር ይበጃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 በስልክ ማውጫ ክርክር ላይ በሰጠው ፍርድ ደረቅ መረጃ በቅጂ መብት እንደማይያዝ ወስኗል። እገሌ በዚህ ቀን ሞተ የሚለው የማንም አይደለም። ፎቶግራፉ፣ የተጻፈው ሐተታ፣ የአመራረጡ ጥበብ ግን ባለቤት አለው። ሕጉ ባይጠይቅም ሦስት ክረምት መቃብር ቦታ የከረመን ሰው ስም መጥቀስ ነውር የለበትም።

በሕይወት ያሉ ሰዎች ጉዳይ ላይ ልል መሆን አይቻልም። የአሜሪካ መንግሥት የቆጠራውን ዝርዝር ለ72 ዓመት ይዘጋዋል፤ የ1950ው የተከፈተው ሚያዝያ 1፣ 2022 ነው። በጎ ፈቃደኛ ከመንግሥት የበለጠ ሊቸኩል አይገባም። የእናት የቀድሞ ቤተሰብ ስም ለብዙ ዘመን የባንክ መለያ ጥያቄ ነበር፤ የዘር ሐረግ ገጽ ደግሞ ያንኑ መልስ ከልደት ቀን ጋር አዘጋጅቶ ያቀርባል። በስደት ቤተሰቡን ጥሎ የወጣ ሰው ላለበት ማኅበረሰብ፣ ለእኛ ማለቴ ነው፣ ጉዳዩ ከባንክም ያልፋል። ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ በአደባባይ መጻፍ አገር ቤት ባለ ወንድም ላይ ምን እንደሚያመጣ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሳይጠየቅ የሕያው ሰው ስም አይወጣም።

ከእኛ ነገር ካነሳሁ አንድ ልጨምር። በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ በቴል አቪቭ፣ በስቶክሆልም ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ዘራቸውን በኮምፒዩተር መመዝገብ ሲጀምሩ የሚገጥማቸው መሣሪያ ጄድኮም በተባለው መለኪያ የተሠራ ነው። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ1984 ያወጣችው ይህ የፋይል አጻጻፍ የዘር ሐረግ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው እንዲሻገር ያስችላል፤ ሰባተኛው እትሙ በ2021 ወጥቷል። ጄድኮም የቤተሰብ ስም በሁለት ያዘመሙ መስመሮች መካከል እንዲገባ ይጠብቃል። ከበደ /ተሰማ/ ብለን ስናስገባ፣ ልጁ አልማዝ /ከበደ/ ትሆናለች፤ ፕሮግራሙ አባትና ልጅ የተለያየ ቤተሰብ ናቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዱ "ያርመዋል"፤ አልማዝ የአያቷን ስም እንደ አባት ስም ለብሳ ትገኛለች። ዘመንን በተመለከተም መለኪያው በስም የሚያውቃቸው አቆጣጠሮች አራት ናቸው፦ የግሪጎርያን፣ የጁልያን፣ የዕብራይስጥና የፈረንሳይ አብዮት። ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ የሠራ አብዮታዊ ካሌንደር ቦታ አግኝቷል፤ ሕዝብ ዛሬም ልደቱን የሚቆጥርበት የእኛው አላገኘም። እስኪያገኝ ድረስ የአባትን ስም እንደ አባት ስም ትቶ፣ ቀኑን እንደተነገረ ከነ"ዓ.ም." በማስታወሻው ቦታ ላይ መጻፍ ይሻላል። ፕሮግራሙ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

የመጨረሻው ደንብ ስለ ሞት ነው፤ የሌላ ሰው ሳይሆን የገጹ ያዥ ሞት።

ብዙዎቹ የካውንቲ ገጾች ሩትስዌብ በተባለ ነጻ ሰርቨር ላይ ነበሩ። ሩትስዌብ በበጎ ፈቃድ ተጀምሮ በ2000 በንግድ ድርጅት ሥር ገባ። በታኅሣሥ 2017 የተጠቃሚዎች መለያና የይለፍ ቃል የያዘ ፋይል ለውጭ ተጋልጦ በመገኘቱ አገልግሎቱ ለጊዜው ተዘጋ፤ ተመልሶ የተከፈተውም ቀስ በቀስ ነው። የሥራው ቅጂ በእጁ የነበረው ያዥ ሌላ ሰርቨር ፈልጎ ቀጠለ። ቅጂ ያልነበረው ጠበቀ። ከዚያ በፊትም በኋላም ግን የበለጠ ገጽ ያጠፋው ቴክኖሎጂ ሳይሆን ዝምታ ነው። ያዡ ያረጃል፣ ይታመማል፣ ያርፋል። ልጆቹ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም። የዶሜኑ ክፍያ ቀኑ ያልፋል። የኢሜይል አድራሻው ይሞታል፣ ጥያቄዎች ወደ ባዶ ሣጥን ይላካሉ፤ ገጹ ግን ለጊዜው እንደ ቆመ ቤት ይታያል፣ መብራቱ በርቶ ሰው የሌለበት።

ስለዚህ በደንቡ ላይ ይጻፍ፦ ፓስወርዱን የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይሁኑ፣ አንድ ጣሪያ ሥር የማይኖሩ። ሙሉ ቅጂው ከሰርቨሩ ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ቢቻል አንዱ በካውንቲው ቤተ መጻሕፍት። ግልባጭ የሰጡ ሰዎች ሥራቸው ለሚቀጥለው ያዥ እንዲተላለፍ ሲሰጡ ይፈቅዱ፤ ከሞቱ በኋላ መጠየቅ አይቻልምና። ያዡ በዓመት አንድ ቀን፣ የሚመቸውን ቀን መርጦ፣ አድራሻው መሥራቱን ይፈትሽ፣ ቀኑንም ገጹ ግርጌ ላይ ይጻፍ።

ዩኤስጄንዌብ ላይ ያዥ ያጣ ካውንቲ እንዲሁ አይሰረዝም። የግዛቱ አስተባባሪ ይረከበዋል፤ የነበረው ግልባጭ ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ የቀድሞ ያዦች ስምም በምስጋና ይቀመጣል። ከላይ ደግሞ አጭር ማስታወቂያ ይለጠፋል፦ ይህ ካውንቲ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል።